ጾመኛዋ አሳማችን

አሳማችን ጾም ይዛለች እየተባለ በመንደሩ መሳቂያ የሆንንበት ዓመት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቹ ይጠብቁኛል። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ምላደን ፊቱን እንደ ቄስ ኮስተር አድርጎ፣ "ስሚልያ፣ ቤልካ ለፋሲካ ትቆርባለች ወይስ ገና ንስሐ ላይ ናት?" ይለኛል፤ ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ እስከ ጆሮዬ እቀላለሁ። እውነታቸውን ነው ብዬ አምን ነበር። ቤልካን የሚያስርባት ሰው ቤታችን ውስጥ ነበረ፤ ስሟም ቪዳ ይባላል።

ቪዳ እናቴ አይደለችም። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ቪዳ በመከር መጨረሻ አንድ ሻንጣ ይዛ ከሳቫ ወንዝ ማዶ በጀልባ ተሻግራ መጣች። አባቴ ራዲቮይ ከጀልባው ሲያወርዳት ሻንጣዋን እንጂ እጇን አልያዘም፤ ወደቡ ላይ ሰው ይበዛ ነበር። ሠርጉ የሰኔ ጾም ሲፈታ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። እስከዚያ እኛ ዘንድ ትቀመጣለች፣ ሥራዋም ይታያል። "እስቲ እንያት" አለች አያቴ ፐርሲዳ። የአባቴ እናት ናት፤ በዚያ ቤት አንድ ዶሮ እንኳ ያለ እሷ ፈቃድ እንቁላል የጣለች አይመስለኝም።

ቪዳ የምትታየው በቤልካ ነበር። ቤልካ እናቴ ከግልገልነቷ አንስታ ያሳደገቻት ነጭ እናት አሳማ ናት። የሠርጉ ጥብስ ከቤልካ ግልገሎች እንደሚሆን አባቴ ለዘመድ ሁሉ አውርቷል። ቪዳ ደግሞ ገና እግሯ ቤቱን ሳይለምድ፣ ማዶ በመንግሥት እርሻ የአሳማ ማዋለጃ ውስጥ ሠርቻለሁና ቤልካን ለእኔ ተዉልኝ አለች። አያቴ እጇን ሽርጧ ላይ አጣጥፋ፣ "እሺ፣ ያንቺው ትሁን። ግልገሎቹ ካማሩ ቤቱም ያንቺ ነው" አለቻት። ካላማሩ ምን እንደሚሆን አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም፤ ለእኔ እንኳ ገብቶኝ ነበር።

በእኛ መንደር እንግዳ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ቤት አይገባም። ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ጓሮ ይዞርና የጉሮኖው አጥር ላይ ተደግፎ አሳማዋን ያያል፣ ጀርባዋን በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርጋል። ጀርባዋ ሰፊና ለስላሳ ከሆነ ያ ቤት ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የሚሰጠው። እናቴ በነበረችበት ዘመን እንግዳ ሁሉ "ራዲቮይ፣ ለዚችስ በሩን ማስፋት ሊኖርብህ ነው" ይል ነበር፤ እናቴም ወጥ ቤት ሆና እየሰማች ፈገግ ትላለች። ስለ እሷ ከማስታውሳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ፈገግታዋ ነው።

አሳማ ማብላትም የባለቤቱ ብቻ ሥራ አይደለም። አሳማ የሌለው ጎረቤት የወጥ ቤቱን ትራፊ በባልዲ ያመጣል፤ በእርድ ቀን ደግሞ ቋሊማና ጉበት በሰሃን ተሸፍኖ ይላክለታል። አጥር ለአጥር የምንገናኛት እትዬ ዞርካ ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሳማ አልያዘችም፤ ባልዲዋ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም ነበር። ቪዳ በመጣች በጥቂት ሳምንት ውስጥ አስቀረችው። በትህትና ነው ያስቀረችው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ፣ እስክትወልድ ድረስ ብቻ ይቅርባት ብላ። እትዬ ዞርካ ግን ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። በማግሥቱ በገበያው ሁሉ፣ "የማዶዋ ሴት ትራፊዬን ተጠየፈችው" የሚል ወሬ ደረሰ።

መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ ቪዳን ላምናት ምንም አልቀረኝም ነበር። አውራ አሳማው ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ለቤልካ ገንዳውን ሙሉ በቆሎና ፉርሽካ ትሰጣት ነበር። አውራው መጥቶ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሁለት ጣሳ የነበረው በቆሎ አንድ ተኩል ሆነ፣ ቆይቶም አንድ። ቤልካ ገንዳዋን በአፍንጫዋ እየገፋች ስትጮህ ጩኸቷ መንገድ ድረስ ይሰማል። እኔም በልቤ፣ መጀመሪያ ያጠገበቻት ልታታልላት ነው አልኩ። በተረት ውስጥ ያሉት የእንጀራ እናቶች እንደዚያ ያደርጋሉ።

ከሁሉም በላይ ያስጠላኝ ግን እጇ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሮኖ ውስጥ ትገባና ሁለት መዳፎቿን የቤልካ ዳሌ ላይ አሳርፋ ትጫናለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቶቿን ቀስ እያደረገች ወዲያና ወዲህ ታንቀሳቅሳለች። እኔ ፕሪም ዛፉ ላይ ሆኜ አያታለሁ። የምትፈልገው አጥንት ነው። አጥንቱን ስታጣው ፊቷ ይጨልማል፤ በበነጋው ከጣሳው ላይ ደግሞ ትቀንሳለች። የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ሌላ ነገር ትረዳለች? ይቺ ሴት የእናቴ አሳማ አጥንቷ ገጥጦ እስክታይ እንቅልፍ የላትም አልኩ። የእናቴን ምንም ነገር መተው አትፈልግም አልኩ። ይህንንም ለአያቴ ነገርኳት፤ አያቴም ፀጉሬን እየዳበሰች "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ባሰ። ላማችን ያን ጊዜ ወልዳ ወተቷ ይፈስ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ስለሆነ የሚጠጣው የለም። አያቴ ለፋሲካ የሚሆን አይብ ትሠራለች፤ የሚተርፈው አጓት ከጥንት ጀምሮ የአሳማዋ ነው። ቪዳ ግን አጓቱ ለጥጃዋና ለዶሮዎቹ ይሁን አለች። ለቤልካ ሳማ እያጨደች፣ እየቀቀለች ትሰጣት ጀመር። ያን ቀን አያቴ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "የኔ እመቤት፣ እንስሳ ታስጾሚያለሽ እንዴ? እርጉዝ ለሆነችው ሳማ?" አለቻት። ቪዳም ቀና ብላ ሳታያት፣ "እማማ፣ በጣም ወፍራለች። እርስዎም ቢነኳት ይሰማዎታል" አለች። አያቴ ግን የምትነካበት ምክንያት አልታያትም። ቃሉ ከእኛ ቤት እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ በሳምንቱ አሳማችን ጾመኛ ተባለች።

ያኔ አየው የነበረውን አሁን ልናገር። ጠዋት ቪዳ ላሟን ስታልብ፣ አያቴ አጓት የሞላ ማሰሮ በሽርጧ ሸፍና ወደ ጉሮኖው ትሄዳለች። እኩለ ቀን ላይ ቪዳ ለሳማ ወደ ጉድባው ስትወርድ፣ እትዬ ዞርካ ከአጥሩ የላላውን ጣውላ ገፋ አድርጋ ባልዲዋን በቀዳዳው ታዘነብላለች፤ ቦሎቄ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የድንች ልጣጭ። አመሻሽ ላይ አባቴ ከጋጣ ሲመለስ በጉሮኖው በኩል ይዞርና ከኮቱ ኪስ በቆሎ በእፍኝ እያወጣ ይበትንላታል። "ብዪ፣ ብዪ፣ አላየችሽም" ይላታል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለሰው እንኳ በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሦስቱንም ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተማክረው የሚያደርጉት መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች የእናቴን አሳማ ለማዳን ተስማምተዋል ብዬ ልቤ በኩራት ተሞላ፤ አንድም ቃል ለማንም አልተነፈስኩም። ኋላ አያቴ ልትሞት ሰሞን፣ አባቴም በስተርጅናው እየቆራረጡ እንደነገሩኝ ግን ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። እያንዳንዳቸው ቤልካን በሕይወት ያቆያት የራሳቸው እጅ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እያንዳንዳቸውም የሚያፍሩት በቪዳ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አሳማዋ ቀጥና ታዋርደናለች ብለው።

ቪዳም ትቀንሳለች። ሦስቱ ደግሞ በቀነሰች ቁጥር ይጨምራሉ። አጓቱ ከአንድ ማሰሮ ሁለት ሆነ፤ የአባቴ አንድ ኪስ ሁለት ኪስ ሆነ። ቤልካ ሳማ እየበላች ጀርባዋ እንደ ሶፋ ተንጣለለ። እኔ ግን ወፍራም መሆኗን አላየሁም። ሰው ሁሉ ተራበች ሲል ዓይኔም የተራበች አሳማ ነበር የሚያየው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቪዳ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፕሪም ዛፉ ላይ መሆኔን አውቃ ኖሯል፤ ቀና ሳትል ጠራችኝ።

"ስሚልያ፣ ውረጂና እጅሽን ስጪኝ።"

ወረድኩ። እጄን ይዛ የቤልካ ዳሌ ላይ አስቀመጠችው። ከመዳፌ በታች የሚንቀሳቀስ ትኩስ ነገር ብቻ ነበር።

"ተጫኚ። ጠረጴዛ ጨርቅ ሲለብስ ጠርዙ ከጨርቁ ሥር በእጅ ይገኝ የለ? እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። አጥንቷ ለዓይን አይታይም፣ ለእጅ ግን ይገኛል። አገኘሽው?"

"አይ፣ እትዬ ቪዳ።"

"እኔም አላገኘሁትም።" እጄን ለቀቀችው። መዳፏን ገልብጣ አየችና፣ "አሥር ዓመት ሠርቼበታለሁ። ምናልባት ድሮም አላውቀውም ነበር" አለች።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሮጥኩ። የእናቴን አሳማ በእኔ እጅ ልታሠቃያት የፈለገች መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያን ከሰዓት ሳስበው ፊቴ ይግላል። አጠገቧ የቆመችው ልጅ በጓሮው የሚሆነውን ሁሉ እንደምታይ ቪዳ ታውቅ ነበር፤ ዛፉ ላይ ነበር የምውለው። ማን ነው የሚያበላት ብላ ብትጠይቀኝ ፈርቼ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም። ልጅን በአያቷና በአባቷ ላይ ማስመስከር አልፈለገችም፤ እኔ ግን ይህን ለመረዳት የራሴን ልጆች መውለድ ነበረብኝ።

ቤልካ ምጥ የያዛት የስቅለት ዕለት ጠዋት ነው። ያን ቀን ደወል አይደወልም፤ ልጆች የእንጨት ማንጓጓቻ ይዘን እያሽከረከርን በመንደሩ እንዞራለን። ለምሳ ስመለስ አባቴና አያቴ ጉሮኖው በር ላይ ቆመዋል። ቪዳ ውስጥ ናት፤ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ ክንዷን በስብ ለውሳዋለች። አያቴ በስቅለት ቀን ስብ ነካች እያለች ታማትባለች። ሦስት ግልገሎች ገለባ ላይ ተኝተዋል፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።

ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ቤልካ ለመነሣት ትሞክርና አቅቷት ትወድቃለች፣ እያቃሰተች ትገለበጣለች። በተገለበጠች ቁጥር ከሥሯ ቀጭን ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ ሲቆም ቪዳ እጇን ሰድዳ ከሥሯ ትጎትትና ገለባው ላይ ከሌሎቹ ጋር ታስቀምጣለች። አንዴ ሙሉ ሰውነቷን አሳማዋ ጎን ላይ አሳርፋ ልትደግፋት ስትታገል አየኋት፤ ጀርባዋ በላብ ርሶ ነበር። አባቴ ሊረዳት ገባ፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አላወቀም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ምጡ ሲያበቃ ሁለት ብቻ ቀሩ። ጡቷ ላይ አስጠጓቸው፤ ጡቷ ግን አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ያን ጊዜ ቪዳ ያላሰብነውን አደረገች። በቆሎውን፣ ፉርሽካውን፣ አጓቱን ሁሉ ለብ አድርጋ ገንዳውን እስከ አፉ ሞላችው፤ ተንበርክካም ቤልካን ብዪ እያለች ትለምናት ጀመር። ቤልካ አፍንጫዋን አዞረች። አያቴም ለአባቴ፣ እሱ ብቻ ሳይሆን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ፣ "አሁን ነው የሞላችላት? አሁን?" አለች። እኔም በልቤ አጨበጨብኩላት።

የእንስሳት ሐኪሙ በሞተር ብስክሌት መጣ። በስቅለት ዕለት ስለጠራነው ተቆጥቷል። ጉሮኖው ውስጥ ገብቶ ቤልካን በጣቱ እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አደረጋት፤ ከዚያ ቀና ብሎ ሁላችንንም አየን። እትዬ ዞርካም በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ ቆማ ነበር።

"ይቺን ማነው እንዲህ የቀለባት? ለእርድ ነው እንዴ ያደለባችኋት?" አለ። "ወፍራም አሳማ ምጥ ይከብዳታል። ከወለደች በኋላም አፏ ይዘጋል። ሳትበላ ወተቱ ከየት ይመጣል? እስክትወልድ ቀንሱላት፣ ከወለደች በኋላ አጥግቧት፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ጠፍቶ ነው?"

ሐኪሙ ሰክሯል አልኩ በልቤ። በመንደሩ ሁሉ ጾመኛ የተባለችውን አሳማ ወፍራም ይላል። አንዱ ትልቅ ሰው እስኪያርመው ጠበቅኩ። አባቴ ጫማውን ያያል። አያቴ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ ዞርካ ከአጥሩ ላይ ጠፍታለች። ቪዳ ተንበርክካ እንዳለች አባቴን አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ አያቴን፣ ከዚያ አጥሩንና የላላውን ጣውላ። ተነሣችና ክንዷን በገለባ ጠረገች።

"እኔ ነኝ" አለች። "አሳማዋ በእጄ ናት። ያበላኋትም እኔ ነኝ።"

እኔ ግን ደስ አለኝ። ጥፋተኛ መሆኗን በአፏ አመነች። ማንጓጓቻዬን አንስቼ እያሽከረከርኩ ወደ መንገድ ወጣሁ፤ ምላደንን አግኝቼ ቪዳ ራሷ አመነች አልኩት። እስከ ማታ ድረስ መንደሩ በሙሉ ሰማ።

ቤልካ ቅዳሜ ሞተች። ሁለቱን ግልገሎች ቪዳ በጥራጥሬ ሣጥን ውስጥ ገለባ ጎዝጉዛ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። የላም ወተት በውኃ አቅጥና፣ ለብ አድርጋ፣ በጡጦ ታጠጣቸዋለች፤ ትንሽ ብቻ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። የፋሲካ ዕለት ክርስቶስ ተነሣ ተባባልን፣ ቀይ እንቁላል አጋጨን፣ ከዚያ ማዕዱ ላይ ዝምታ ወረደ። አባቴ ጠቦቱን እየቆረጠ ቀና አይልም። አያቴ ምርጡን ቁራጭ ቪዳ ሰሃን ላይ አደረገችላት፤ ይህን ከዚያ በፊት አድርጋው አታውቅም። እኔ ዝምታው ፍርድ መሰለኝ። ሁሉም ተቆጥተውባት፣ ስለ በዓሉ ብለው ቁጣቸውን የያዙ መሰለኝ። የተቆጣ ሰው ግን አልነበረም። እፍረት የያዛቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስተኛዋም ከአጥሩ ወዲያ በዓሉን ብቻዋን ትውላለች፣ ለወትሮው እኛ ዘንድ ነበር የምትፈስከው።

ቪዳ ማክሰኞ ድረስ ቆየች። ማክሰኞ ጠዋት አባቴ በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያስር መጥታ ፊቱ ቆመች። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

"ራዲቮይ፣ የምትለኝ ነገር አለ?"

"ምን እላለሁ?" አለ አባቴ የጫማውን ክር እያየ። "የሆነው ሆነ።"

"ሌላ ምንም?"

አባቴ ክሩን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ሊምራት አልፈለገም ብዬ ኮራሁበት። ቪዳ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፣ ከዚያ ገብታ ሻንጣዋን አወጣች። ከመውጣቷ በፊት ምድጃው አጠገብ ተንበርክካ ግልገሎቹን አጠጣችና ለአያቴ፣ "እማማ፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን። ሲጮኹ አይጨምሩላቸው፣ አደራ" አለቻት። አያቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔን ግንባሬን ሳመችኝ፤ ጀልባዋ እስክትሻገር ግንባሬን ስጠርግ ቆየሁ።

ግልገሎቹ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጮኹ። አያቴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ "ሲጮኹ አትጨምሩ? እንዲህ ያለ አንጀት ከየት ይመጣል?" አለችና ንጹሕ ወተት፣ ውኃ ያልነካው፣ ሆዳቸው እስኪነፋ አጠጣቻቸው። ጠግበው ተኙ። "አየሽ?" አለችኝ። ሌሊቱን ሆዳቸው ፈሰሰ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሁለቱም ሞቱ። አባቴ ከፕሪም ዛፉ ሥር ቀበራቸው። ሠርጉ ቀረ፤ ስለ ሠርጉም ሆነ ስለ ቪዳ ቤታችን ውስጥ ዳግመኛ አልተነሣም። አባቴም ሌላ ሴት አላመጣም።

አባቴ እውነቱን የነገረኝ በሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሆስፒታል ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። "አንድ ቃል ነበር" አለ። "በቆሎ ሰጥቻት ነበር ማለት። ምን ይገድለኝ ነበር?" ከቀበርነው በኋላ ሳቫን ተሻግሬ ቪዳን ፈለግኳት። አሁን ድልድይ አለ፤ መንገዱ ከመኪና ማቆሚያ እስከ ደጇ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ አልተሻገርነውም።

ጓሮዋ ውስጥ አገኘኋት፤ አርጅታለች፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት፣ "ግንባርሽ የራዲቮይ ነው" አለችኝ። ወደ ቤት አስገብታ ሾርባ አቀረበችልኝ። የአባቴን ሞት ስነግራት አማተበች፤ ሻማም አበራችለት። እኔ ላወራ የመጣሁትን ነገር እሷ ራሷ ጀመረችው፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ዳቦ እየቆረሰች። እስከ ስቅለት ድረስ እጄ የከዳኝ ይመስለኝ ነበር አለች፤ እቀንሳለሁ፣ ትወፍራለች፣ ሥራዬን አላውቅም ማለት ነው ብዬ በየቀኑ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቅ ግን ሁሉም መሬት መሬት ሲያዩ ገባኝ አለች።

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?" አልኳት።

"በስቅለት ቀን ሽማግሌ ሴት በሐኪም ፊት ላዋርድ? ደግሞ እኮ ከክፋት አይደለም ያበሏት። ነገሩ በኋላ በቤታችን ይወራል ብዬ ነው፣ ጓዳ ለጓዳ። አባትሽ ይነግረኛል ብዬ ነበር። ቢነግረኝ እስቅ ነበር እንጂ ምን እለው ነበር?" ዳቦውን ወደ እኔ ገፋችው። "ፋሲካን ጠበቅኩ፣ ሰኞን ጠበቅኩ። ብዙ ጠብቄያለሁ።"

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ የአባቴን ቃል፣ የአያቴን ቃል፣ የራሴንም ዝምታ ይዤ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ቀደመችኝ። ፊቷ ትንሽ በራ።

"ሁለቱስ?" አለች። "ምድጃው አጠገብ የተውኳቸው? ያኔ ከጀልባው ወርጄ ልመለስላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ሁሉ ጥፋት እነሱ እንኳ ተረፉ እያልኩ ስንት ዘመን ተጽናናሁ። አደጉ?"

ጓሮዋ ውስጥ ግልገሎች ይጮሃሉ። የእናታቸውን ዳሌ ስገባ በእጄ ተጭኜ አይቼዋለሁ፤ አጥንቱ ልክ ነበር።

"አደጉ" አልኳት።

ቪዳ አየችኝ። ያን ቀን አባቴንና አያቴን ያየችበት አስተያየት ነበር፤ ረጅም፣ ጸጥ ያለ። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

"እሰይ" አለች በመጨረሻ፤ ሰሃኔን አንስታም ሾርባ ጨመረችልኝ።